ስድስት ወደብ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ

በጅማ መናኸሪያ ሃያ ስድስት ዓመት በስምሪት ስሠራ ከሸኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ የማር ነጋዴ ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ሻይ ቀምሼ መጣሁ» ብሎ ወረደ። ሁለት ጀሪካን ማሩ ጣሪያ ላይ ታስሯል፣ ኮቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ሻይ ቤት ነው። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ረዳቱ ተጣራ፤ እኔም ሰዓቴን አይቼ መውጫውን ፈረምሁ። ሰውየው ግማሽ ፓስቲ በእጁ እንደያዘ እየሮጠ ሲመጣ አውቶቡሱ በሩን አልፎ አቧራው እንኳ ገና አልረጋም ነበር። «ኮቴን» አላለም፣ «ትኬቴን» አላለም፤ «ማሬን!» ብሎ ጮኸ። በቀጣዩ መኪና አሳፍሬ ላክሁት፤ ሰኮሩ ላይ ቁርስ ሲበሉ ደረሰባቸው።

ያን ነጋዴ ሰሞኑን ደጋግሜ አስታውሰዋለሁ። የዛሬ ሳምንት፣ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ እኔና ባለቤቴ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ላይ እንወጣለን። መርከብ ደግሞ ቀጣይ መኪና የለውም።

ነገሩን ያመጣችው ልጃችን ናት። ጀርመን አገር ነርስ ናት። የጋብቻችን ሠላሳ አምስተኛ ዓመት ሲቃረብ ደውላ «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስትሸኝ ኖረሃል፤ አሁን ደግሞ አንተ ተሸኝ» አለችኝ። እኔ የጠበቅሁት ላሊበላን ነበር። እሷ አብራን የምትሳፈርበት፣ ሰባት ሌሊት የሚፈጅ የሜዲትራኒያን የመርከብ ሽርሽር ይዛ መጣች። ባሕር አይቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ያየሁት ትልቁ ውኃ የግልገል ጊቤ ግድብ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ጉማሬ የሚኖርበት የቦዬ ረግረግ። ባለቤቴ ከእኔ ትሻላለች፤ በልጅነቷ ምጽዋ ሄዳ እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ነክራለች። ይህንንም በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታስታውሰኛለች።

ጎረቤቶቼ «መንገዱን እንዴት መረጣችሁ?» ይሉኛል። እኛ አልመረጥንም፤ የመረጠልን ቪዛው ነው። ከእኛ በኋላ ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመው ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ልጃችን መጀመሪያ ያገኘችው መርከብ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ፣ የግሪክን ደሴቶች እየነካካ፣ ቱርክ ውስጥ ኩሻዳሲ የሚባል ወደብ ላይ የሚያርፍ ነበር። ከኩሻዳሲ ኤፌሶን ቅርብ ነው። እመቤታችን ኖራበታለች የሚባለው ቤትም እዚያው ተራራው ላይ ይገኛል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሌላ ነገር መስማት አቆመች። ቀብድ ተከፈለ። ያገናኘን የጉዞ ወኪል፣ ስሙን አልጠራም፣ ስለ ቪዛ ስንጠይቀው «ሸንገን ካላችሁ ምን ቀራችሁ?» አለን።

ብዙ ቀርቶን ነበር። ሸንገን የሚባሉት በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው፤ ቱርክ ከእነሱ አንዷ አይደለችም። መርከቡ ኩሻዳሲ ሲደርስ ተሳፋሪው ከሸንገን ወጥቷል፤ ወደ ግሪክ ሲመለስ እንደ አዲስ ይገባል። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ሊኖረው ያስፈልጋል። ይህ ቪዛ ደግሞ በመደበኛው አሠራር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሰጥም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ባሳለፈው ውሳኔ ከልክሎታል፤ በዚያው ውሳኔ የማመልከቻ መመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አርዝሞታል። ነገሩ የተነሣው ከአውሮፓ የሚመለሱ ዜጎችን በመቀበል ጉዳይ መንግሥታት ስላልተስማሙ ነው። እነሱ ባልተስማሙበት ነገር ባለቤቴ ኤፌሶንን አጣች። ቀብዱም 150 ዩሮ ነበር፤ «ደንባችን አይፈቅድም» ተብሎ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ከልጃችን ተቀብዬ ጉዳዩን እንደ ለመድሁት ያዝሁት። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የመርከቦቹን ወደቦች በሙሉ ጻፍሁ። ከሸንገን ውጭ ያለችውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁ፤ ቱርክ ተሰረዘች፣ ቱኒዚያ ተሰረዘች፣ ሞንቴኔግሮና አልባኒያም ተሰረዙ። አንድ ወደብ እንኳ የተሰረዘበት መስመር እንዳለ ተጣለ። በመጨረሻ የተረፈው ይህ ነው፦ ከሮም ወደብ ከቺቪታቬኪያ ተነሥቶ መሲና፣ ማልታ ላይ ቫሌታ፣ አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ፣ ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ተመልሶ ቺቪታቬኪያ። ጣሊያን፣ ማልታ፣ ስፔንና ፈረንሳይ ሁሉም ሸንገን ውስጥ ናቸው፤ አንድ ጊዜ የገባ ሰው መርከቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያሻግረውም አልወጣም። ብዙውን ቀን የምናሳልፈው ጣሊያን ስለሆነ ማመልከቻውም ለጣሊያን ቀረበ።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ ልናገር። የጉዞ መድን ዋስትናው ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም፤ የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጡረታ ደብተር፣ የባንክ መግለጫ፣ የቤት ካርታ፣ የተተረጎመ የጋብቻ ማስረጃ፣ የመርከቡና የሮም ማረፊያችን ማረጋገጫ፣ የልጃችን ደብዳቤ። ለአሻራ አዲስ አበባ ሄድን፤ ፓስፖርቱን ለመቀበል ደግሞ እኔ ብቻዬን ተመለስሁ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ካለው ስድስት ወር ጀምሮ ስለሆነ እኛ ሰኔ መጨረሻ ላይ አስገባን። ለ45 ቀኑ ሦስት ሳምንት ጨምሬ ነበር። ሾፌር «በአራት ሰዓት እደርሳለሁ» ሲል አምስት ብሎ መጻፍ ልማዴ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ የስም ጉዳይ ነው። የመርከቡ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ቤት ይህ ነገር የለም። የእኔ ፓስፖርት መጨረሻው የአያቴ ስም ነው፤ የባለቤቴ መጨረሻው የእሷ አያት፤ የልጃችን መጨረሻ የእኔ አባት። አንድ ቤተሰብ ሆነን ሦስት የቤተሰብ ስም አለን። ልጃችን ለማሳመር ብላ እናቷን በእኔ ስም አስመዝግባት ነበር። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው በፊደል ቢለይ የሚሳፈረው ሌላ ሰው ነውና ወዲያው አስተካከለችው። የጋብቻ ወረቀቱን ትርጉም ግን ለማንኛውም በእጅ ቦርሳ ይዘናል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ሰዓት ነው። መርከቡ በየወደቡ ሁሉም ተሳፋሪ ተመልሶ መግባት ያለበትን ሰዓት ያስታውቃል፤ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይቀድማል። ለቫሌታ የተጻፈው 16:30 ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ «አራት ተኩል ነው? ታዲያ ቁርስ ሳንበላ ልንመለስ ነው?» አለችኝ። የእሷ አራት ተኩል የጠዋቱ ነው፤ የእነሱ ከሰዓት በኋላ። እነሱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ፣ እኛ ከንጋት። ስለዚህ ለእሷ ያዘጋጀሁት ሕግ ቀላል ነው፤ ከተጻፈው ላይ ስድስት ቀንሺ። 16:30 ሲቀነስ ስድስት፣ ከቀኑ 10፡30። 8:00 ሲቀነስ ስድስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት።

የጅማን ሰዓት እዚያ መቁጠር ግን ክልክል ነው። ከጣሊያን በአንድ ሰዓት እንቀድማለን። የእጅ ሰዓታችንን ሮም ስንደርስ ወደ ኋላ እንመልስና ከዚያ በኋላ ጅማ የለችም። ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ ልጃችን እንኳ አላስተዋለችውም። የአውሮፓ የበጋ ሰዓት የሚያበቃው በእነሱ ኦክቶበር ወር የመጨረሻ እሑድ ነው፤ በዚህ ዓመት ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 16 ይውላል፤ ልክ ከመርከብ የምንወርድበት ጠዋት። ሌሊቱን ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። የወረድን ዕለት ጅማ በሁለት ሰዓት ቀድማን እንነቃለን ማለት ነው። ይህን ለልጃችን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «አባዬ፣ ጡረታ ያወጡህ ያለጊዜው ነው» አለችኝ።

ሮም የምንደርሰው መርከቡ ከመነሣቱ ሦስት ቀን ቀድመን ነው። ልጃችን አንድ ቀን ይበቃል ብላ ነበር። ሻንጣ ቢዘገይስ? በረራ ቢሰረዝስ? መርከብ የሚነሣበት ዕለት ጠዋት ሮም የሚያርፍ አውሮፕላን ላይ የሚሳፈር ሰው ሻይ ሊጠጣ እንደወረደው ነጋዴ ነው። ደግሞ ቺቪታቬኪያ «የሮም ወደብ» ይባል እንጂ ሮም ውስጥ አይደለም። በመኪና ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጅማ ተነሥቶ አሰንዳቦን አልፎ እንደመሄድ ያለ። ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

በሮሙ ቆይታ ሰው ሁሉ የሚያየውን እናያለን፤ ነገር ግን የእኔ ዝርዝር አጭር ነው። ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ አንደኛ ነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ የቆመው እዚያ ነበር። በ2003 ተነቅሎ፣ በ2005 አገሩ ገብቶ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተክሏል። ባዶውን ቦታ ለማየት እንደምሄድ ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ግን አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ ከተከታዩ የተለየው እዚያ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው፤ የጨረሰውም ከዚያ ብዙ በማይርቀው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከባዶው ቦታ እስከ ቅስቱ በእግሬ እሄዳለሁ። ጫማዬን አላወልቅም። ሁለተኛው ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ነው። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይሉታል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት ጦር ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያም እዚያው ነው፤ ስምሪቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ወደቦቹን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መርከቡ ራሱ የሚያዘጋጀውን ጉብኝት መግዛት ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ሃምሳ ሰው አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተሞልቶ ባንዲራ የያዘች ልጅ እየተከተለ ይዞራል። ነገር ግን አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። ሌላው በራስ መውረድ ነው። ርካሽ ነው፣ ነፃነት አለው፤ ዘግይተህ ስትመለስ ግን መርከቡ ሄዷል፣ ሻንጣህም አብሮ ሄዷል፣ እስከ ቀጣዩ ወደብ በራስህ ገንዘብ ትከተላለህ። በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከቫሌታ እስከ ባርሴሎና መርከብ ስታሳድድ ራስህን አስበው። የእኔ ውሳኔ ይህ ነው፦ በእግር መመለስ የሚቻልበት ቦታ ሁሉ በራሳችን፤ ከዚያ የራቀውን ወይ በመርከቡ ጉብኝት፣ ወይ መተው። በየወደቡም ከመግቢያው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀንሼ «መውጫ» ብዬ ጽፌአለሁ። ያ ሰዓት ሲደርስ ባለቤቴ የገበያ ዋጋ እየተከራከረች ብትሆንም እንመለሳለን።

መሲና ላይ ሁሉም የሚመክረው ታኦርሚና የሚባለውን ከተማ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ዳገት ነው፣ የመርከቡ ጉብኝት ለሦስታችን የእኔን የወር ጡረታ ያስንቃል። የባለቤቴም ጉልበት ዳገት አይወድም። ተውነው። መርከቡ የሚቆመው ከተማው መሐል ስለሆነ ወደ ካቴድራሉ በእግር እንሄዳለን። የካቴድራሉ ማማ ላይ ትልቅ የሚንቀሳቀስ ሰዓት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የተተከለ የስትራስቡርግ ሥራ ነው። ልክ በእነሱ 12፣ በእኛ ስድስት ሰዓት፣ ወርቃማ አንበሳ ባንዲራ እያወዛወዘ ያገሣል፣ ከዚያ አውራ ዶሮ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል። ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1908 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ናት። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኋትም።

ያልነገርኋት ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ዓለት መትቶ የወደቀው ኮስታ ኮንኮርዲያ የተነሣው ከዚሁ ከቺቪታቬኪያ ነበር፤ 32 ሰው ሞቷል። ዕለቱን የተሳፈሩት ሰዎች የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። ዛሬ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱን መሰብሰቢያ ቦታ ማወቅ ግዴታው ነው። እኔ የመርከቡን ፕላን አትሜ ከመኝታ ክፍላችን እስከ መሰብሰቢያው ያለውን ደረጃ ቆጥሬአለሁ።

ለነገሩ እሷ የራሷ ምንጭ አላት። ወደ ማልታ እንደምንሄድ ከሰማች ጀምሮ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 27ና 28 ታነባለች። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት መላጥያ ይህችው ማልታ ናት። በመርከቡ ላይ 276 ሰው ነበረ፤ አሥራ አራት ሌሊት በማዕበል ተንገላቱ። «ጳውሎስ የጾሙ ጊዜ ካለፈ በኋላ መጓዝ አደጋ ነው ብሎ ነግሯቸው ነበር» ትለኛለች። የዚያ የአይሁድ ጾም ጊዜ ልክ በዚህ ሰሞን ነው። ምን ልመልስ? «የእኛ መርከብ ሞተር አለው» አልኋት። «የእነሱም መልሕቅ ነበረው» አለች።

ስለዚህ ቫሌታ የእሷ ናት። መርከቡ ከታች ከግንቡ ሥር ይቆማል፤ ከተማው ከላይ ነው። ጉልበቷን የሚያድናት 58 ሜትር ከፍታ ያለው አሳንሰር አለ፤ አውጥቶ የላይኛው ባራካ የሚባል የአትክልት ሥፍራ ላይ ያደርሳል። መጀመሪያ በጳውሎስ መርከብ መሰበር ስም ወደተሠራው ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ከዚያ በእኛ ስድስት ሰዓት ላይ ባራካ ሥር ካለው ምሽግ መድፍ ሲተኮስ እናያለን። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ይተኮሳል። ሰዓታችንን በእሱ እናስተካክላለን። ሌላ የገረመኝ ቋንቋቸው ነው። ማልታዎች አራትን «ኤርባ»፣ አምስትን «ሐምሳ» ይላሉ። ባለቤቴ አርባዕቱን፣ ሐምስቱን በግእዝ የቆጠረች የቄስ ልጅ ናት፤ ከሻጭ ጋር ያለ አስተርጓሚ እከራከራለሁ እያለች ነው።

ባርሴሎና ላይ ቤተሰቡ ይከፈላል። ልጃችን ሳግራዳ ፋሚሊያ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ተጀምሮ ግንባታው እስከ ዛሬ ያላለቀውን ቤተ ክርስቲያን ማየት ትፈልጋለች። ትኬቱ ሰዓት ተቆርጦለት አስቀድሞ ካልተገዛ እዚያ ሄዶ መቆም ከንቱ ነው፤ ገዝታለች። እኔ ግን ከወደቡ በላይ ወዳለው ሞንትዡይክ ኮረብታ በታክሲ እወጣለሁ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ዐሥር ሺህ ሜትሩን ያሸነፈችበት ስታዲየም እዚያ ነው። ነሐሴ ነበር፣ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት። መናኸሪያው በር ላይ ባለች ቡና ቤት በአንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው ያየነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፁ አይሰማም፤ የሌሊት ጥበቃው አንቴናውን በእጁ ይዞ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ሥዕሉ ሲጠፋ «ወደ ግራ!» እንለዋለን። የመጨረሻው ዙር ላይ ደራርቱ ስትፈተለክ ሁላችንም ጮኽን፤ ጥበቃው ምን እንደሆነ ሊያይ አንቴናውን ለቅቆ ወረደ፤ ቴሌቪዥኑም በረዶ ሆነ። ማሸነፏን ያረጋገጥነው ከሬዲዮ ነው። ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ስታዲየሙን ከበሩ ብቻ ባየው እንኳ ይበቃኛል።

ማርሴይ ላይ አንወርድም። መርከቦቹ የሚቆሙበት ቦታ ከአሮጌው ወደብ ሩቅ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ጉብኝት ሁለት ጊዜ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ልብስ እናጥባለን።

ጄኖቫ ግን ቀጠሮ አለኝ። ከመርከቡ ወርደን በእግር ጥቂት እንደሄድን ፒያሳ ካሪካሜንቶ የሚባል አደባባይ ላይ የራፋኤሌ ሩባቲኖ ሐውልት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1869 የአሰብን የባሕር ዳርቻ በኩባንያው ስም ያስገዛው የመርከብ ነጋዴ እሱ ነው። በ1882 ለጣሊያን መንግሥት ሸጠው፤ የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ባሕር ሳላይ እስከ 68 ዓመቴ የኖርሁት በእሱ ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ሆኖም ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ምን ልትለው ነው?» ስትለኝ «መውጫ አሳየኝ» እለዋለሁ አልኋት።

ቀሪው የኪስና የሻንጣ ነገር ነው። መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ሁሉም ነገር በክፍል ካርድ ይመዘገብና መጨረሻ ላይ ይከፈላል። የአገልግሎት ክፍያም በየቀኑ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይታሰባል፤ ትኬቱ ዋጋ ውስጥ ካልተካተተ ያስደነግጣል። ስልክ ባሕር ላይ በሳተላይት ስለሚሠራ ሒሳቡ አይቻልም፤ ከወደብ እንደወጣን መስመሩን እንዘጋለን። ሻንጣ ወደብ ላይ ተረክበው ክፍል የሚያደርሱት ማታ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት፣ መነጽር፣ አንድ ቅያሪና ወረቀቶቹ በእጅ ይያዛሉ። አንዳንድ መርከብ ፓስፖርቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ያስቀምጠዋል፤ ለዚህ ሦስት ሦስት ቅጂ አንሥተናል።

ምግብን በተመለከተ ባለቤቴ ጾመ ጽጌን ትጾማለች። «የፈቃድ ጾም ነው፣ ለዘንድሮ ይለፍሽ» ብላት የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፍም። ልጃችን ለመርከቡ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ምግብ ብላ አስቀድማ አስመዝግባለች። ለመጠባበቂያ ድርቆሽና በርበሬ ይዘናል። ቅቤና ቋንጣ ግን የለም፤ ሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ለልጃችን የጅማ ማር ልክ 2 ኪሎ፣ በሱቅ ሚዛን ሁለት ጊዜ ተመዝኖ። በርጩማም ትፈልግ ነበር፤ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ከእሱ ጋር የሚገባው ካልሲ ብቻ ሆነ። ተመልሶ ወጣ።

እስካሁን ያልተቋጨው የቡናው ክርክር ነው። መርከብ ላይ ምድጃ፣ ካውያ፣ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ እሳት የሚያስነሣ ነገር ሁሉ አይገባም። ባለቤቴ ምድጃውን ተወች፣ ከሰሉን ተወች፣ ዕጣኑንም ከረጅም ዝምታ በኋላ ተወች። ጀበናውን ግን አልተወችም። «ጀበና እሳት አይደለም፣ ሸክላ ነው» ትላለች። ከእሷ ጋር የተቆላና የተፈጨ የሊሙ ቡና አንድ ኪሎ አለ። ሙቅ ውኃ ከምግብ አዳራሹ ቀድታ ጀበናው ውስጥ ታረጋዋለች። ምን ዓይነት ቡና እንደሚሆን እግዚአብሔር ይወቅ። ጀበናው አሁን በነጠላ ተጠቅልሎ ሻንጣው መሐል ተቀምጧል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

ልጃችን ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሂዱ ብላ ነበር። እዚህ ላይ እኔ አልተንቀሳቀስሁም፤ በራሴ መናኸሪያ ሳላልፍ አገር አልለቅም። ትናንት የማክሰኞውን ትኬት ልቆርጥ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሥራውን ያስተማርሁት ነው። ሦስትና አራት ቁጥር ወንበር ሰጠኝ፣ ገንዘቡን አልቀበልም ብሎ ተጣላኝ፣ በመጨረሻ ተቀበለ። ትኬቱን ሲያቀብለኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ከሌሊቱ 10፡30 እዚህ ይገኙ። 11 ሰዓት ላይ እንወጣለን፤ ሻይ የሚጠጣ ሰው አንጠብቅም።»